ኢንተርፕሌይ ፎልአውትን ያጣው ፍርድ ቤት ውስጥ አይደለም፣ 2007 ላይ ሲፈርም ነው

ቮልት 13፦

ሰላም ለቤቱ። የፎልአውት ተከታታይ ፊልም 2024 ላይ ከወጣ ወዲህ ስለ ጌሙ ብዙ እየተጻፈ ነው። የመብቱ ክስ ሲነሳ ግን ሁሌ የማየው "ቤተስዳ ኢንተርፕሌይን ቀማው" የሚል ነገር ነው። ልክ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጆች ናቸው።

የመጀመሪያው ፎልአውት የወጣው 1997 ነው። ሠሪው ኢንተርፕሌይ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። ሁለተኛው በዓመቱ ተከተለ። ከዚያ ኩባንያው ቁልቁል ወረደ። ዕዳው በዛ፣ ቲተስ የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ተቆጣጠረው፣ መሥራቹ ብራያን ፋርጎም 2002 ላይ ለቆ ሄደ። 2003 ሊያልቅ ሲል ደግሞ ብላክ አይል ተዘጋ። ብላክ አይል ማለት ሦስተኛውን ፎልአውት እየሠራ የነበረው የኢንተርፕሌይ ስቱዲዮ ነው። ጌሙ ሳይወጣ ቀረ።

2004 ላይ ቤተስዳ የሚባል ሌላ የአሜሪካ ጌም ሠሪ ኩባንያ መጣ። ያኔ የወሰደው ባለቤትነቱን አይደለም፣ ፈቃድ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ክፍልና ተከታዮቹን ለመሥራት ቢያንስ 1.175 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ስሙ የኢንተርፕሌይ እንደሆነ ቆየ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ኤፕሪል 2007፣ ኢንተርፕሌይ ጠቅላላውን በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው።

ሲሸጥ ግን አንድ ነገር ለራሱ አስቀረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት አንድ ዓለም ውስጥ አብረው የሚጫወቱት ዓይነት ፎልአውት፣ ማለትም ኤምኤምኦ፣ የመሥራት ፈቃድ ከገዢው መልሶ ተሰጠው። ፈቃዱ ቀነ ገደብ ነበረው። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እስከ ኤፕሪል 2009 መጀመሪያ፣ ሁለት ነገር መሟላት ነበረበት፦ 30 ሚሊዮን ዶላር የሥራ ገንዘብ መገኘቱ፣ እና ጌሙ በሙሉ አቅም መሠራት መጀመሩ። አለዚያ ፈቃዱ ያልቅለታል።

እስቲ አስቡት። እጅ አጥሮት ሙሉውን ፍራንቻይዝ በ5.75 ሚሊዮን የሸጠ ኩባንያ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የዚያን አምስት እጥፍ አገኛለሁ ብሎ ፈረመ። ለእኔ ጉዳዩ እዚያ ላይ አልቋል። ቤተስዳ ሴፕቴምበር 2009 ሜሪላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ሲከፍት ይዞት የሄደው ኢንተርፕሌይ ራሱ የፈረመውን ወረቀት ነው።

አዲሱ ገበያ፦

ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል፣ ግን ለቤተስዳ አድልተሃል። ኢንተርፕሌይ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ቀናት ሲቀሩት ማስትሄድ ከሚባል የቡልጋሪያ ስቱዲዮ ጋር ተፈራርሞ ጌሙን አብረው መሥራት ጀምረዋል። ፕሮጀክት ቪ13 ይባል ነበር። የኢንተርፕሌይ መከራከሪያ ገንዘቡም ሥራውም በዚህ ተሟልቷል የሚል ነው። ቤተስዳ ደግሞ ገንዘቡም አልተገኘም፣ ሥራውም በሙሉ አቅም አልተጀመረም፣ ጭራሽ ፈቃዱን እኔ ሳላውቅ ለሦስተኛ ወገን አስተላልፏል አለ።

እሺ፣ ይሄስ ይሁን። አንዱ የቤተስዳ ክርክር ግን እስካሁን ያናድደኛል። ኢንተርፕሌይ ያገኘው ፈቃድ "ፎልአውት" የሚለውን ስም ብቻ ነው፣ የጌሙን ይዘት አይጨምርም አሉ። ማለትም ቮልቱ (ሰዎቹ የሚሸሸጉበት የምድር ውስጥ መጠለያ)፣ ጭራቆቹ፣ ፍጥረቶቹ፣ ታሪኩ፣ ሰማያዊ ልብስ የለበሰው ፈገግተኛ ልጅ፣ አንዱንም መንካት አይችልም። ስሙን ለጥፎ ሌላ ዓለም ይሥራ ነው ነገሩ። እንደዚህ ዓይነት ጌም ማን ይገዛል? በቅን ልቦና የተዋዋለ ሰው እንዲህ ብሎ ይከራከራል?

ነገረ ፈጅ፦

ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልግባበት።

የስሙ ክርክር ለጆሮ አይጥምም፣ እውነት ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ክርክር የሚነሳው ውሉ ክፍት ቦታ ሲተው ነው። የንግድ ምልክት ፈቃድ ሌላ፣ የቅጂ መብት ፈቃድ ሌላ። ምልክቱ ስሙና አርማው ነው። የቅጂ መብቱ ሥዕሉን፣ ጽሑፉን፣ ሙዚቃውን፣ ገጸ ባሕርያቱን ይመለከታል። ሁለቱን በግልጽ ለያይተህ ወይም አጣምረህ ካልጻፍክ፣ ነገ የሚከራከርህ ሰው ለእሱ የሚመቸውን ንባብ ይዞ ይመጣል። ጠበቃው ያን ባያደርግ ሥራውን አልሠራም።

ሰዉ የሚዘነጋው ነገር ግን ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ቤተስዳ አሸናፊ አልነበረም። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ኢንተርፕሌይ እንዲታገድለት ጠይቆ ዲሴምበር 2009 ላይ ውድቅ ተደረገበት። በኋላም የኤምኤምኦው ሥራ በጊዜያዊ እግድ እንዲቆም ጠየቀ፣ ዳኛዋ ዴቦራ ቻሳኖው አሁንም አልፈቀዱም። ይግባኝ ብሎ ሪችመንድ ሄደ፣ 2011 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸና። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጊዜያዊ እግድ ለማግኘት በኋላ በገንዘብ የማይካስ ጉዳት እንደሚደርስብህ ማሳየት አለብህ። ገና ያልወጣ ጌም ምን ዓይነት የማይካስ ጉዳት ያደርሳል? ቤተስዳ ይህን ማስረዳት አልቻለም።

ቤተስዳን እንቅልፍ የነሳው ግን የኢንተርፕሌይ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ፣ ማለትም ተከሳሹ መልሶ ከሳሹን የከሰሰበት፣ ይመስለኛል። ኢንተርፕሌይ ያለው ይሄን ነው፦ የ2007 ሽያጭና ፈቃዱ አንድ ውል ናቸው፣ ፈቃዱን ካፈረሳችሁብኝ ሽያጩም ይፍረስና ፎልአውት ወደ እኔ ይመለስ። ልብ በሉ፣ ያኔ ሦስተኛው ፎልአውት 2008 ላይ ወጥቶ በሚሊዮኖች ተሸጧል፣ ኒው ቬጋስ የሚባለው ፎልአውትም 2010 ላይ ወጥቷል። ያ ክርክር የመሳካት ዕድሉ ጠባብ ቢሆን እንኳ፣ ከተሳካ የሚታጣው ሁሉም ነው። ደንበኛዬ ቤተስዳ ቢሆን ኖሮ ታረቅ ብዬ ነበር የምመክረው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ይሄ ጉዳይ እኮ የኛ ሰፈር ጉዳይ ነው። ቤተስዳና ባለቤቱ ዜኒማክስ ሮክቪል ነው ያሉት፣ ዳኛዋ ጉዳዩን ያዩበት ፍርድ ቤት ደግሞ ግሪንቤልት። ሁለቱም ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ናቸው። እዚህ ያለን ሐበሾች ስንቶቻችን በሩ ላይ በየቀኑ እናልፋለን፣ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ቮልት 13 ያላነሳው አንድ ነገር አለ። የክሱ ግማሽ ስለ ኤምኤምኦው አይደለም፣ ስለ ማሸጊያ ነው። በ2007ቱ ውል ኢንተርፕሌይ የድሮዎቹን ጌሞች፣ ማለትም አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና ታክቲክስን፣ መሸጡን እንዲቀጥል ተፈቅዶለት ነበር። ግን ማሸጊያውንና ማስታወቂያውን ከመልቀቁ በፊት ለቤተስዳ ማሳየትና ማስፈቀድ አለበት። ኢንተርፕሌይ ሦስቱን አንድ ላይ አሽጎ "ፎልአውት ትሪሎጂ" ብሎ ሸጠ።

ነገሩን በደንበኛ ዓይን እዩት። የሦስተኛው ፎልአውት ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። አንዲት እናት ለልጇ ስጦታ ልትገዛ ሱቅ ትገባለች። መደርደሪያው ላይ "ፎልአውት" በትልቁ፣ ሥሩ ሦስት መሆኑን የሚናገር ቃል፣ ዋጋው ርካሽ። ታነሳዋለች። ቤት ሲከፈት የ1997 ጌም። የቤተስዳ ቅሬታ ይሄ ነው፣ ገዢ ይደናገራል የሚል፣ እኔ በዚህ በኩል ሙሉ በሙሉ ከነሱ ጋር ነኝ። ማሳየት አለብህ ተብለህ ፈርመህ ካላሳየህ ምን ሰበብ አለህ?

አዲሱ ገበያ፦

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የማሸጊያው ነገር ገብቶኛል፣ አልከራከርም። ግን ጌሞቹ እኮ የኢንተርፕሌይ ልጆች ናቸው። የራሱን ጌም ለመሸጥ ካርቶኑን ማስፈቀድ ያማል።

ነገረ ፈጅ፦

ሸጧቸዋል። ከሸጠ የራሱ አይደሉም። ማመሙ ሌላ ጉዳይ ነው።

የድሮ ጌመር፦

እኔን የሚገርመኝ ፎልአውት ራሱ የተወለደው ከመብት ችግር መሆኑ ነው። ኢንተርፕሌይ 1988 ላይ ዌስትላንድ የሚባል ጌም ሠርቶ ነበር። ከኑክሌር ጦርነት በኋላ ያለ በረሃ፣ የተረፉ ሰዎች፣ ያው የምታውቁት ዓለም። አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነበር፣ መብቱም እዚያ ቀረ። ፋርጎ ተከታዩን መሥራት ቢፈልግም ስሙን ማግኘት አልቻለም። ስለዚህ የዌስትላንድን መንፈስ ይዘው ሌላ ስም ሰጡት። ፎልአውት ማለት ይሄ ነው።

ገና አላለቀም። ፎልአውት መጀመሪያ ይሠራ የነበረው ገርፕስ በሚባል የሌላ ኩባንያ የጨዋታ ሕግ ነበር፣ የስቲቭ ጃክሰን ጌምስ ንብረት ነው። 1997 ላይ፣ ጌሙ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት፣ ስምምነቱ ፈረሰ። ሠሪዎቹ ያን አውጥተው ጥለው የራሳቸውን ሕግ በጥድፊያ ተኩ። ዛሬ ሁሉም ፎልአውት ላይ የምናየው ስፔሻል የሚባለው ሥርዓት፣ ጉልበት፣ ብልሃት፣ ዕድል እያልን ነጥብ የምናከፋፍልበት፣ የተወለደው በዚያ ጥድፊያ ነው።

ታዲያ ሁለት ጊዜ በመብት የተቃጠለ ኩባንያ፣ ያውም የሌላውን ንብረት ተጠግቶ መሥራት ምን እንደሚያመጣ ያየ ኩባንያ፣ እንዴት ነው የራሱን ሸጦ መልሶ ተከራይ የሚሆነው? አዎ፣ የ2007ቱ አመራር የ1997ቱ አይደለም። ያኔ ሄርቬ ካን ነበር የሚመራው። ኩባንያ ግን ማስታወሻ ሊኖረው ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ የ2007ቱ ውል እንደዚያ ነው።

ቮልት 13፦

የድሮ ጌመር፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ልጨምርበት። አንደኛውን ፎልአውት ከሠሩት ዋናዎቹ፣ ቲም ኬን፣ ሊዮናርድ ቦያርስኪና ጄሰን አንደርሰን፣ 1998 ላይ ለቀው ትሮይካ የሚባል ስቱዲዮ አቋቁመዋል። ኢንተርፕሌይ መብቱን ሊያወጣ ሲል ትሮይካም ለመውሰድ ሞክሮ ነበር። ቤተስዳ በገንዘብ በለጠው። ዓለሙን በእጃቸው የሳሉት ሰዎች ዋጋ ሲጠየቅ አልደረሱበትም። ከመላው ታሪክ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ የኢንተርፕሌይ መሸነፍ አይደለም። ኢንተርፕሌይ ገንዘቡን ተቀብሏል። እነዚህ ሰዎች ግን ተቀጣሪ ስለነበሩ ከመጀመሪያውም ምንም አልነበራቸውም።

ሶፊያ ያለሁ፦

ስለ ማስትሄድ ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ፣ ከተማዬ ነውና። ትንሽ ስቱዲዮ ነበር። ኧርዝራይዝ የሚባል የራሱ ኤምኤምኦ ነበረው፣ 2011 መጀመሪያ ላይ ወጣ፣ አልሆነለትም። በዚያው ዓመት ቤተስዳ ማስትሄድንም ለብቻው ከሰሰው። አንድ እግሩ በራሱ ጌም ኪሳራ፣ ሌላው እግሩ በሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ጠብ ውስጥ። መጨረሻው ምን ሆነ፦ ማስትሄድ ፎልአውትን የመጠቀም ምንም ሕጋዊ መብት የለኝም ብሎ አመነ፣ ገንዘብ ማንም ለማንም ሳይከፍል ተዘጋ። 2012 ላይ ኧርዝራይዝም ቆመ። ጠበኞቹ ኩባንያዎች ዛሬም ስማቸው ይነሳል። ጠዋት ገብተው ማታ እየወጡ ያን ያልወጣ ዓለም የሠሩት ልጆች ግን ሥራቸውን ማንም ሳያየው ቀረ።

አዲሱ ገበያ፦

እርቁ ስንት ላይ አለቀ? ሁለት ሚሊዮን ነው አይደል?

ነገረ ፈጅ፦

አዎ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር። ጃንዋሪ 2012 ላይ ይፋ ሆነ። ዜኒማክስ ለኢንተርፕሌይ ይከፍላል፣ የኤምኤምኦው ፈቃድ ይሰረዛል፣ መብቱ በሙሉ ወደ ቤተስዳ ይመለሳል፣ የፍርድ ቤት ወጪውን እያንዳንዱ ራሱ ይችላል። የድሮዎቹን ጌሞች ደግሞ ኢንተርፕሌይ እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ መሸጥ ይችላል፣ ከዚያ ያም ያበቃል።

እዚህ ላይ አስተውሉ፦ ገንዘብ የተከፈለው ለተከሳሹ ነው። ከሳሽ ለተከሳሽ ከፍሎ ወጣ። ይሄ ነው "ቀማ" የሚለውን ወሬ የማያስኬደው። ቤተስዳ የገዛው ሰላም ነው፣ ዋጋውም ለእሱ ከባድ አልነበረም። ኢንተርፕሌይም በበኩሉ ሊሠራው ለማይችለው ጌም 2 ሚሊዮን አገኘ። 2006 ላይ ራሱ ባወጣው ሰነድ ያን ኤምኤምኦ ለመሥራት 75 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብሎ ነበር።

የድሮ ጌመር፦

2013 መጨረሻ ስትል ትዝ አለኝ። ጎግ የሚባለው የጌም መሸጫ፣ ፈቃዱ ሊያበቃ ሲል በዲሴምበር 2013 ሦስቱን የድሮ ጌሞች ለጥቂት ቀናት በነፃ ለቀቃቸው። ከዚያ ዓመቱ ሲለወጥ ከመሸጫው ጠፉ፣ እስኪመለሱ ድረስም ጊዜ ወሰደ። ያኔ ኢንተርኔት ካፌ ሄጄ በፍላሽ ያወረድኩት እስካሁን አለኝ። ለተጫዋቹ የመብት ክስ ማለት ይሄ ነው። ትናንት መሸጫው ላይ የነበረ ጌም ዛሬ የለም፣ አንተ ምንም ሳታደርግ።

ኮድ በሌሊት፦

ወገኖች፣ ለመማር ነው የምጠይቀው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አዲስ አበባ ትንሽ የሞባይል ጌም እንሠራለን። አንድ ኩባንያ ገጸ ባሕርያቱን ጨምሮ ልግዛችሁ፣ ሁለተኛውን ክፍል ግን እናንተ ትሠሩታላችሁ ብሎናል። ይሄን ክር ሳነብ ደነገጥኩ፣ ቁርጥ የኢንተርፕሌይ ውል ነው። በኛ ሕግ እንዴት ነው የሚታየው?

ነገረ ፈጅ፦

ኮድ በሌሊት፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ጠየቅክ። ሙሉ ምክር በዚህ አይሰጥም፣ ውሉን ያየ ሰው ያስፈልግሃል። ግን መሠረቱን ልንገርህ።

በእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 (ይሄ ዓመት የኛው አቆጣጠር ነው)፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ ያገኛል። ሰው የሚዘነጋው ግን ይሄን ነው፦ ተቀጥረህ ወይም ታዘህ የሠራኸው ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ክፍል በእነሱ ትዕዛዝ ከሠራችሁና ውሉ ዝም ካለ፣ አዲስ የፈጠራችሁትም ገጸ ባሕርይ የእነሱ ይሆናል። አንደኛውን ሸጣችሁ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በደመወዝ ሠራችሁ ማለት ነው። ስሙ ደግሞ በንግድ ምልክት አዋጅ ለብቻው ነው የሚመዘገበው፣ ማን በማን ስም እንዳስመዘገበው ዛሬውኑ አጣሩ።

ቮልት 13፦

ነገረ ፈጅ ያለው ላይ ልጨምር። "ሥራ መጀመር" የሚባል ግዴታ ውሉ ውስጥ ካለ፣ መጀመር ማለት ምን እንደሆነ ይጻፍ። ስንት ሰው ተቀጥሮ? የቱ ደረጃ ተጫውቶ የሚታይ ሆኖ? በየትኛው ቀን? ኢንተርፕሌይና ቤተስዳ "ሙሉ አቅም" ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ሁለት ዓመት ከምናምን ደጅ ጠንተዋል።

አዲሱ ገበያ፦

እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ወረቀት ወረቀት ትላላችሁ፣ ወረቀቱን የጻፈው ገንዘብ ያለው ነው። እጁ ያጠረ ሰው ምን ምርጫ አለው? 2007 ላይ ኢንተርፕሌይ ባይፈርም ይዘጋ ነበር።

ቮልት 13፦

ሊሆን ይችላል። ግን ያን ጊዜ በንጹሕ ሸጦ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ይችል ነበር። የማይሠራውን ጌም መብት ለማስቀረት ሲል ከዋጋው ላይ ሳይቀንስ የቀረ አይመስለኝም። ከሁለት ያጣ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

የመጨረሻውን አቀማመጥ ለማያውቅ ልጻፍለት። ማይክሮሶፍት 2018 ላይ ሁለት ስቱዲዮ ገዛ፦ ኦብሲዲያንን፣ ማለትም ከብላክ አይል የወጡ ሰዎች ያቋቋሙትንና ኒው ቬጋስን የሠራውን፣ እና የብራያን ፋርጎን ኢንኤክሳይል። ፋርጎ የዌስትላንድን ስም መልሶ አግኝቶ ነበር፣ 2012 ላይ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች አዋጥተውለት 2.9 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ ሁለተኛውን ክፍል ሠራው። ከዚያ 2020 ላይ ማይክሮሶፍት ዜኒማክስን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር እገዛለሁ አለ፣ 2021 ላይ ተጠናቀቀ። በእርግጥ ገንዘቡ ለፎልአውት ብቻ አይደለም፣ ኤልደር ስክሮልስና ዱም የሚባሉ ሌሎች ጌሞችም አሉበት። ግን ዌስትላንድም፣ ፎልአውትም፣ የብላክ አይል ሰዎችም ዛሬ አንድ ባለቤት ሥር ናቸው። በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱት ፎልአውትም 2018 ላይ ወጣ፣ ፎልአውት 76 ማለት ነው፣ ግን በቤተስዳ እጅ።

ኮድ በሌሊት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገረ ፈጅ፣ ውሉ ገና አልተፈረመም። የሁለተኛው ክፍል አንቀጽ ላይ "በተመጣጣኝ ጊዜ ውስጥ" ነው የሚለው፣ ቀን የለውም፣ ስለ አዳዲስ ገጸ ባሕርያትም ምንም አይልም። ምን ላስገባ?

ነገረ ፈጅ፦

"በተመጣጣኝ ጊዜ" የሚለውን አውጣው፣ ቀን አስገባ። ሁለተኛውን ክፍል እነሱ ካዘገዩት ምን እንደሚሆን ይጻፍ። አዲስ የምትፈጥሩት ሁሉ የማን እንደሆነ በስም ተዘርዝሮ ይቀመጥ። ስሙንና ይዘቱን የምትጠቀሙበት ፈቃድ ሁለቱንም እንደሚጨምር በግልጽ ይባል። እና ሳትፈርሙ ረቂቁን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ቅዳሜ አየዋለሁ።